ምዕራፍ 7፦ ሙያ በእንግሊዝኛ ስሙ ማን ነው?

ዘመሮ፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ፣ ማታ ማታ ጋቢ ሳይደርቡ የማይቀመጡበት ደጋ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ እሳት ዳር እንደተቀመጥን የአክስቴ ልጅ በፕላስቲክ የጠቀለለውን ወረቀት ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይችን ማመልከቻ ይዩልኝ፤ ነገ በማለዳ ይዣት ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው» አለኝ።

ልጁ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠልጥኗል። ደረጃ 4 ጨርሶ፣ ተመዝኖ፣ ብቁ ተብሏል። ገመድ ሲስብ አይቼዋለሁ፤ እጁ ንጹሕ ነው። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ቀጣሪው የውጭ ድርጅት ስለሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉ ተብለዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሼ ቆምኩ። «ከቴክኒካል ኤንድ ቫኬሽናል ኮሌጅ ተመርቄያለሁ» ይላል። ቮኬሽናል መሆን ነበረበት። በእንግሊዝኛው ፊደል ከቪ ቀጥሎ ኦ መግባት ሲገባት ኤ ገብታለች። በዚያች አንዲት ፊደል የተነሣ፣ ሁለት ዓመት ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተማረው ልጅ፣ ከዕረፍት ጊዜ ኮሌጅ የተመረቀ መሰለ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከድጋፍ ደብዳቤው ላይ ነው የገለበጥኩት። ማኅተም ያለበት ነው» አለ።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት አምኖ መገልበጡ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ማኅተሙን ካሳረፈው ቢሮ ነው። ያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የተነጋገርነው ነገር ለዚህ ምዕራፍ መነሻ ሆነኝ። ጉዳዩ ከአንዲት ፊደል ያልፋል። «ሙያ» የምንለው ሰፊ ቃላችን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ አራትና አምስት ቦታ ይበተናል፤ የትኛው የት እንደሚገባ ያላወቀ ሰው ደግሞ በገዛ እጁ የሠራውን ሥራ በገዛ ብዕሩ ያሳንሰዋል።

ከፊደሏ እንጀምር። ሁለቱ ቃላት የሚወለዱት ከላቲን ነው፤ ግን ወላጆቻቸው የተለያዩ ናቸው። «ቮካሬ» መጥራት ነው። «ቫካሬ» ባዶ መሆን፣ ሥራ መፍታት ነው። ከመጥራት የመጡት ድምፅ ድምፅ የሚሸቱ ቃላት ናቸው፦ በሙዚቃ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ቮካሊስት፣ ተማሪ የሚሸመድደው ቮካቡላሪ፣ ለተከሳሹ እንዲቆምለት የሚጠራው ጠበቃ ማለትም አድቮኬት። ቮኬሽናልም የዚህ ቤት ልጅ ነው። ከባዶነት የመጡት ደግሞ ቫኬሽን፣ ማለትም ዕረፍት፣ ቫካንትና ቫካንሲ፣ ማለትም ክፍት ቦታ ናቸው። ስሕተቱ እንዲህ የበዛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሥራ ፈላጊ ወጣት በየማስታወቂያ ሰሌዳው በየቀኑ የሚያነበው ቃል ቫካንሲ ነው። ዓይኑ ኤን ለምዷል፣ እጁም ወደዚያው ይሄዳል። ኮምፒውተርም ሁልጊዜ አያድነውም። ቮኬሽን ለማለት ቫኬሽን ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ያሉ ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ መስመር አይሰመርበትም። ስለዚህ አንድ ምልክት ያዙ፦ የተጠራ ሰው ኦ አለው፣ ባዶ ቦታ ኤ አለው።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል።

መንዝ ውስጥ «እሷ ባለሙያ ናት» ከተባለ ማንም ስለ ምስክር ወረቀት አያስብም። ወጧ የሚጥም፣ ጠላዋ የማይቀጥን፣ ስፌቷ የማይፈታ፣ ፈትሏ የማይበጠስ ሴት ማለት ነው። «ሙያ ሠራ» ሲባል ደግሞ በጭንቅ ቀን ወንድነቱን ያሳየ ሰው ይታሰባል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት የቆየውም ለዚህ ነው፤ የሠራ ሰው አይለፍፍም። ቢሮ ሲገባ ግን ያው ቃል ሌላ ልብስ ይለብሳል፦ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ባለሙያ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ። ፍርድ ቤት አካባቢ የሙያ ምስክር አለ፤ ፋብሪካ ውስጥ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት አለ፤ የሐኪሞች፣ የመምህራን የሙያ ማኅበር አለ። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ሞሰብ ያቀርባል። በአጻጻፍም «ሙያ» የሚል አለ፣ «ሞያ» የሚል አለ፤ የመንግሥት ሰነዶች በብዛት «ሙያ» ይላሉ፣ እኔም እሱን ይዣለሁ።

እንግሊዝኛ ግን ሞሰቡን ይከፋፍለዋል። አንዱ ክፍል ፕሮፌሽናል ነው። ረጅም ትምህርት፣ ፈቃድና የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ያለውን ሥራ የሚመለከት ነው። የሙያ ፈቃድ፣ የሙያ ማኅበር፣ የሙያ ሥነ ምግባር ስንል እንግሊዝኛው ፕሮፌሽናል ይላል። ሌላው ኦኩፔሽናል ነው። ሰው የሚተዳደርበትን ሥራ፣ የዚያን ሥራ መለኪያና አደጋውን ይመለከታል። የሙያ ደረጃ፣ የሙያ ብቃት ምዘና፣ የሙያ ደኅንነት ስንል ቦታው የኦኩፔሽናል ነው። ሦስተኛው ካሪር ነው፤ ተማሪ የሙያ ምርጫ ምክር ሲሰጠው የሚነሣው፣ የሕይወት ዘመን የሥራ ጉዞ ማለት ነው። ቮኬሽናል ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ስለ ሥራው ሳይሆን ወደ ሥራው ስለሚወስደው መንገድ መናገሩ ነው። ቮኬሽናል ትምህርት አለ፣ ቮኬሽናል ሥልጠና አለ፣ ቮኬሽናል ትምህርት ቤት አለ። ቮኬሽናል ሰው ግን የለም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። «አይ አም ኤ ቮኬሽናል» ብሎ የጻፈ ሰው ማመልከቻ በእጄ ገብቶ ያውቃል። ሊል የፈለገው «ባለሙያ ነኝ» ነው። ባለሙያ ለሚለው ቃል እንግሊዝኛ አንድ ወጥ መልስ የለውም። ከሁሉ የሚሻለው የሥራውን ስም መጥራት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ዌልደር ነኝ፣ ማሽኒስት ነኝ፣ ሰርቬየር ነኝ። ቀጣሪው «ባለሙያ ነኝ» የሚል አይፈልግም፤ ሽቦ የሚያያይዝ ወይም ብረት የሚበይድ ነው የሚፈልገው። በጥቅሉ መናገር ግድ ከሆነ ደግሞ ስኪልድ ወርከር ወይም ቴክኒሺያን ይባላል። ኤክስፐርት የሚለውን ለቢሮ ባለሙያ መስጠት አገራችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ከውጭ የሚያነበን ሰው ግን ኤክስፐርት ሲባል በመስኩ ለረጅም ዘመን የበሰለ ሊቅ ይጠብቃል። ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በዓመቱ ኤክስፐርት የተባለ ወጣት ያንን ሰው ግራ ያጋባዋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት «ቴክኒክና ሙያ» የሚለውን ቃል በቃል መመለስ ነው። በአማርኛ ሁለቱም ስሞች ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው «ቴክኒክ ኤንድ ፕሮፌሽን» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግን እዚህ ቦታ ስም አይፈልግም፤ ትምህርቱን የሚገልጽ ቅጽል ነው የሚፈልገው፦ ቴክኒካል፣ ቮኬሽናል። ቴክኒክ በእንግሊዝኛ የአሠራር ዘዴ ነው፤ የእግር ኳስ ተጫዋችም ቴክኒክ አለው።

ቮኬሽን የሚለው ቃል «ጥሪ» ከሚለው ተነሥቶ እንዴት የኮሌጅ ስም እንደሆነ ማወቁ ለጸሐፊ ይጠቅማል፤ የቃሉን ክብደት ያሳየዋል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ጥሪ የነበረው የመነኩሴና የካህን ብቻ ነበር፤ እግዚአብሔር ጠራው ይባላል፣ ይመንናል። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ገዳም የገባ ሰው «ተጠራ» ሲባል ሰምተናል። በ16ኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሉተር ጫማ ሰፊውም፣ ገበሬውም፣ እናትም በየሥራቸው ተጠርተዋል ብሎ አስተማረ። በጀርመንኛ ሥራን የሚያመለክተው «ቤሩፍ» የሚለው ቃል ከመጥራት ጋር ተዛምዶ የቀረው በዚያ አስተሳሰብ ነው። ዛሬም ጀርመኖች የሙያ ሥልጠናቸውን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ይህ አስተሳሰብ ወደ አገራችን በእግሩ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻና በ1860ዎቹ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ተቋም የተላኩ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ገቡ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸው፤ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ታላቁ ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. በ1867 የተቀለጠው እዚያ ነው፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የወጣው ያ መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ለእነዚያ ሰዎች ጥሪና የእጅ ሥራ አንድ ነበሩ። አገሬው ደግሞ ሥራውን እየተጠቀመ ሠሪውን ይንቅ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ስም ይሰድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ለዚህ ነው። አዋጁ የቃል አዋጅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰው በሚጠራበት ስም ላይ የታወጀ። አንድን ሥራ በምን ስም እንደምንጠራው መጠንቀቅ የዛሬ የእንግሊዝኛ ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ከድል በኋላ በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አማርኛው ያገኘለት ስም ተግባረ እድ ነው። ግእዝ ነው፤ ተግባር ሥራ፣ እድ እጅ፣ በአንድነት የእጅ ሥራ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ኮሌጅ ስሙን እስከ ዛሬ ይዞታል፤ የአዲስ አበባ ሰው «ተግባረ እድ ነው የተማርኩት» ሲል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከባዕድ ቋንቋ ሳይበደር፣ እጅን ሳያሳፍር የተሰጠ ስም ነው። እንግሊዝኛው ግን ቴክኒካል ስኩል ብሎ ነው የጻፈው። ትክክለኛ ነው፣ ግን ከሁለቱ ስሞች የሚበልጠው የእኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በየደብዳቤው የምናየው አራት ፊደል፣ ሰዉ «ቲቬት» ብሎ የሚያነበው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፣ ግን ሁለት ስሕተቶችን ያስቀራል። ዘርፉ ለረጅም ጊዜ በዓለም ላይ ሁለት ባለቤቶች ነበሩት። ዩኔስኮ የትምህርት ድርጅት ስለሆነ «ቴክኒካልና ቮኬሽናል ኢዱኬሽን» ይል ነበር፤ በ1962፣ በ1974ና በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጣቸው ሰነዶች ሁሉ በዚህ ስም ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደግሞ ጉዳዩ ሠራተኛ ስለሆነ «ቮኬሽናል ትሬኒንግ» ይል ነበር። አንዱ ትምህርት፣ አንዱ ሥልጠና። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴኡል ላይ በተካሄደው ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሁለቱ ተጣመሩና ቴክኒካል፣ ቮኬሽናል፣ ኢዱኬሽን፣ ትሬኒንግ የሚሉት አራቱ ቃላት በአንድ ምሕጻር ገቡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ትርጉሙን አስፍቶ ለሥራና ለኑሮ የሚያበቃን ትምህርት፣ ሥልጠናና የክህሎት ልማት ሁሉ አካተተበት።

እንግዲህ የመጨረሻዋ ቲ ሥልጠና ማለት ከሆነች፣ «ቲቬት ትሬኒንግ» ያለ ሰው «ሥልጠና ሥልጠና» ብሏል። «ቲቬት ኢዱኬሽን» ያለም እንዲሁ። በንግግር «የቲቬት ሥልጠና» ብንባባል ማንም አይጣላንም፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ከምሕጻሩ ቀጥሎ ፕሮግራም፣ ኮሌጅ፣ ሲስተም ወይም ፖሊሲ ይግባ። ሁለተኛው ስሕተት ምሕጻሩን ሳይፈቱ መጣል ነው። የእኛ አገር አንባቢ ያውቀዋል፤ የካናዳ ቀጣሪ ላያውቀው ይችላል። መጀመሪያ ሲጠቀስ አራቱ ቃላት በሙሉ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ምሕጻሩ ይበቃል። ሙሉ ቃላቱ በጥቅሉ ሲነገሩ በትንንሽ ፊደል፣ የአንድ ተቋም ስም ሲሆኑ ብቻ በትልልቅ ፊደል ይጀምራሉ።

የተቋም ስም ላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ ስም አይታረምም። አዲስ አበባ ላምበረት ያለው፣ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞችን የሚያስተምረው የፌዴራል ተቋም በዘመናት ስሙ ሲቀያየር ቆይቶ አሁን በእንግሊዝኛ ስሙ «ኢዱኬሽን» የሚለውን ትቶ ሥልጠናን ብቻ ይዟል። የቀድሞ ተማሪው በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን የዚያን ጊዜ ስም ይጽፋል፤ የአሁኑ ተማሪ የአሁኑን። ጎደለ ብሎ መሙላት ወይም አረጀ ብሎ ማደስ ወረቀቱንና ማመልከቻውን ያጣላቸዋል።

የአገራችን ሥርዓት ራሱ በየዘመኑ ቃላቱን ቀያይሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንዱን መንገድ ወደ መሰናዶ፣ ሌላውን ወደ ቴክኒክና ሙያ አደረገው። ያኔ ሰው «10 ሲደመር 1»፣ «10 ሲደመር 3» እያለ ይናገር ነበር፤ የሦስቱ ዓመት ዲፕሎማ ይባላል። አዋጅ ቁጥር 391/1996 ወጣ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 954/2008 ተተካ። በመካከሉ፣ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ስትራቴጂ፣ የቆጠራው መሠረት ከዓመት ወደ ብቃት ተዛወረ፤ ደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 መጣ። አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደረጃ 4 የጨረሰ ወጣት ለውጭ አንባቢ እንዲገባ ብሎ «ዲፕሎማ» ይጽፋል። አታድርጉት። ወረቀቱ ሌቭል 4 ካለ ሌቭል 4 ነው፤ ቀጥሎ በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የተሰጠ መሆኑን በአንድ ሐረግ ማከል ይቻላል። የአገርን ማዕረግ በሌላ አገር ማዕረግ መተካት የሚመለከታቸው የገምጋሚ ተቋማት ሥራ ነው፤ አመልካቹ ራሱ ሲተካው ማጋነን ይመስላል፣ ንጹሑን ሰው በሐሰት ያስጠረጥረዋል።

«ሲኦሲ አለኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሲኦሲ እኛ ዘንድ የብቃት ምዘና ማዕከሉ ስም ነው፤ ሰው ማዕከል የለውም፣ ያለው የምስክር ወረቀት ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት፣ የሥራው ስምና ደረጃው ነው፤ ቃሉም ኦኩፔሽናል ነው። ከዚህ አጠገብ ያለች ሌላ ቃል ደግሞ ሠልጣኙ ወደ ድርጅት ወጥቶ የሚሠለጥንበትን ጊዜ የሚጠራባት «አፓረንት» ናት። አፓረንት በእንግሊዝኛ በግልጽ የሚታይ ማለት ነው። የተፈለገው አፕሬንቲስሺፕ ነው፤ ባለሙያ ሥር ሆኖ ሥራ የሚለምድ ሰው አፕሬንቲስ ይባላል። ሥርዓታችን በመደበኛ ሰነድ የሚጠራው ግን በትብብር ሥልጠና ነው፤ በእንግሊዝኛ ኮኦፐሬቲቭ ትሬኒንግ። አብዛኛው ሰዓት በድርጅት፣ ቀሪው በኮሌጅ እንዲሆን የታሰበ፣ የጀርመኖችን ጥንድ ሥርዓት የሚመስል መንገድ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም፤ አፕሬንቲስ የቀጣሪ ውል አለው። የሠለጠናችሁበትን ዓይነት የሚገልጸውን ምረጡ።

በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲገባ «ክህሎት» የሚለው ቃል ጎልቶ ወጣ። ቃሉ ከግእዝ «ክህለ»፣ ቻለ፣ የመጣ ነው፤ በጸሎት «ከሃሊ» የምንለው ሁሉን የሚችለውን አምላክ ነው። ለእንግሊዝኛው ስኪል የተመጠነ ቃል ነው። ሙያ ግን ከስኪል ይሰፋል፤ በውስጡ ክህሎት አለ፣ ልማድ አለ፣ ክብር አለ። ስለዚህ ሙያን ሁሉ በስኪል፣ ስኪልንም ሁሉ በሙያ መተርጎም ልክ አይመጣም።

ለማን ነው የምንጽፈው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አሜሪካ በ1917 (እ.ኤ.አ.) በስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ለቮኬሽናል ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ መስጠት ጀመረች፤ በ2006 ግን ያንኑ ገንዘብ የሚመራው የፐርኪንስ ሕግ ሲታደስ ቮኬሽናል የሚለው ቃል ወጥቶ «ካሪር ኤንድ ቴክኒካል ኢዱኬሽን» ገባ። ቃሉ በትምህርት የደከመ ተማሪ የሚጣልበት ክፍል ስም ሆኖ ስለቆየ ነው። የእኛም አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ይህንኑ የአሜሪካ ስም ለመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ዓይነት ወስዶታል። አውስትራሊያና አውሮፓ ደግሞ ቴክኒካል የሚለውን ትተው ቮኬሽናል ኢዱኬሽን ኤንድ ትሬኒንግ ይላሉ። ለአሜሪካ ቀጣሪ የምትጽፉ ከሆነ የኮሌጃችሁን ስም እንዳለ ጽፋችሁ፣ በማብራሪያው ቦታ የእነሱን ቃል ብትጠቀሙ ይገባቸዋል። ለአውስትራሊያ ከሆነ ቮኬሽናል ምንም አያሳፍርም። እኔ ግን ቃል መቀየሩ ንቀቱን አጠፋው ብዬ አላምንም። እዚህም ብዙ ወላጅ «ፈተና ካላለፈ ቴክኒክ ይግባ» ሲል ኖሯል። ንቀቱ ከአእምሮ ካልወጣ አዲሱ ስም በጥቂት ዓመት ያረጃል።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር አክስቴ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። የመንዝ በግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ባና እና በርኖስ ይሆናል፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ሸማኔ ይሠራል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ነው። እንዝርቷን አቁማ «አንተ፣ የኔስ ሙያ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ቮኬሽናል አይባልም አልኳት፤ ያ ትምህርት ቤት ገብቶ ለሥራ የሠለጠነ ሰው መንገድ ስም ነው። የእሷ ትሬድ ወይም ክራፍት ነው፤ እሷ ደግሞ ስፒነር ናት፣ ያውም ስኪልድ ስፒነር። የተማረችበት መንገድ፣ ከእናቷ ጉልበት ሥር ሆና፣ ኢንፎርማል ለርኒንግ ይባላል። ኢንፎርማል ማለት ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ ማለት ብቻ ነው፤ ተራ ወይም ያልበሰለ ማለት አይደለም። ይህን የምለው ብዙ ማመልከቻ ላይ የሸማኔና የአናጢ ልጆች ከአባታቸው የተማሩትን ዓመታት ጨርሶ ሳይጽፉ ስለማይ ነው። የአገራችን የብቃት ምዘና መርሕ ሰው የቱንም ያህል ከኮሌጅ ውጭ ቢማር፣ የሚችለውን አሳይቶ መመዘን እንደሚችል ይቀበላል። ስለዚህ አባቱ ጓዳ አሥር ዓመት የሸመነ ሰው ያንን ይጻፈው፤ በኢንፎርማል ለርኒንግ የተገኘ፣ ከዚያም የተመዘነ ከሆነ የተመዘነበት ቀንና ደረጃ። ዝም ብሎ ማለፍ ትሕትና አይደለም፣ የራስን ዕድሜ መቅደድ ነው።

አክስቴ «ስፒነር» የሚለውን ሁለት ሦስት ጊዜ ለምላሷ አስለመደችው። ከዚያ «ከባለሙያ ያንሳል» አለች። እውነቷን ነው፣ ያንሳል። ግን ለማያውቃት ሰው ምን እንደምትሠራ በትክክል ይነግራል፤ ከእንግሊዝኛው የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

የልጇን ማመልከቻ እንደገና ጻፍነው። ኤዋ በኦ ተተካች። «ፕሮፌሽናል ሰርተፊኬት» የነበረው የኦኩፔሽናል ብቃት ምስክር ወረቀት ሆነ፤ ዲፕሎማ የነበረው ሌቭል 4፤ «አፓረንት» የነበረው ኮኦፐሬቲቭ ትሬኒንግ፣ የድርጅቱ ስምና የወራቱ ቁጥር ተጨምሮበት። «አይ አም ኤ ባለሙያ» ለማለት የተቸገረበት መስመር ደግሞ ሕንፃ ላይ ገመድ የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን መሆኑን በስድስት ቃል ተናገረ። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ ወደ አንድ ወረደ። ቀሪው የድጋፍ ደብዳቤው ነበር፤ ማኅተም ያለበትን እኔ ማረም አልችልምና ጸሐፊው ራሱ እንዲያርምለት ነገርኩት።

ይህን ምዕራፍ ያነበባችሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ደብዳቤ የምትተይቡ፣ ታፔላ የምትጽፉ፣ ማኅተም በእጃችሁ ያለ ሰዎች፦ ነገ ጠዋት የተቋማችሁን የእንግሊዝኛ ስም በደብዳቤ ርእሱ ላይ፣ በበሩ ታፔላ ላይ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ አስተያዩት። ከቪ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል እዩ። ኤ ከሆነች ዛሬውኑ አርሟት፤ ከእናንተ እየገለበጡ የሚጽፉ ልጆች ብዙ ናቸው።